ብርሌ ከነቃ፦ የአምስት ቀን ማስታወሻ ከአዲስ አበባ ዳርቻ

ባለፈው ነሐሴ አንድ ሱቅ ወስዶልኝ የነበረውን ሰባት የአንገት ጌጥ መለሰልኝ። ጥፋቱ የነሱ አልነበረም። ዶቃዎቹ መስቀያው ላይ እንዳሉ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ተራ በተራ ተሰነጣጠቁ። አንዲት ደንበኛ አንዱን አንገቷ ላይ ሞክራ ስታወልቅ ግማሽ ዶቃ መዳፏ ላይ ቀረ። እግዜር ይመስገን፣ አልቆረጣትም።

የጠርሙስ ስባሪ እያቀለጥኩ ጌጥ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ቅዳሜና እሁድ፣ አንዳንዴም ማታ ከሥራ መልስ ነው የምሠራው። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ስባሪው ይታጠባል። እሳት ላይ እንደ ማር እስኪሳብ ይለሰልሳል። በቀጭን ብረት ላይ ይጠቀለላል። ሲበርድ ብረቱ ይመዘዛል፤ የብረቱ ቦታ የክሩ ቀዳዳ ይሆናል።

የመስታወት ፍቅር የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ነው። ተማሪ ሳለሁ አፍሪካ አዳራሽን ልንጎበኝ ሄደን ነበር። ሌሎቹ ሲወጡ እኔ ከሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ፊት ቆሜ ቀረሁ። 150 ካሬ ሜትር ነው። በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ያው ቀለም ነው። መስታወት ውስጥ ያለ ቀለም ግን ደመና ባለፈ ቁጥር ይለወጣል። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ሲለወጥ አየሁት።

እንዲህ ጀምሬ ምን ላይ ደረስኩ? ስልኬ ላይ የቬኒስና የቼክ ዶቃ ሥዕል እያየሁ መቅዳት ላይ። ቆንጆ ናቸው፤ አልዋሽም። እነሱን ለመምሰል ያገኘሁትን ቀለም ሁሉ እደባልቃለሁ፦ የቢራ ጠርሙስ፣ የመስኮት መስታወት፣ የሽቶ ብልቃጥ። ሰባቱ ጌጥ ሲመለስ ለሳምንታት እሳት አላነደድኩም። ከዚያ ከመሥሪያ ቤት የአምስት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ። ከከተማው ዳር ዳር እየዞርኩ፣ እሳት ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ልዋል ብዬ ወጣሁ።

ሰኞ፣ መስከረም 19፦ ቀጨኔ

መስቀል ቅዳሜ ዋለ። የደመራው አመድ ከየመንደሩ ገና አልተጠረገም። ዝናቡ ወጥቷል፤ እንጦጦ ከአናቱ እስከ እግሩ ታጥቦ ቆሟል። በቀጨኔ መድኃኔዓለም በኩል ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ። ከየአጥሩ ሥር አደይ አበባ። ከየግቢው የባሕር ዛፍ ጭስ። እዚህ ሰፈር ጭሱ የእንጀራ ብቻ አይደለም፤ የሸክላም ነው።

ከእማማ ጋር ያገናኘችኝ የሥራ ባልደረባዬ ነች። እማማ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሸክላ ሠሪ ናቸው። በር ላይ ቆሜ ቤቶች ስል «ግቢ ልጄ፣ እጄ ጭቃ ነው፤ ራስሽ ክፈቺው» አሉኝ።

የጀበና አንገት እያወጡ ነበር። ይህን ቀረብ ብዬ ስላየሁት ልጻፈው። ግራ እጃቸው ሆዱን ይዞ ቀስ እያለ ያዞራል። ቀኝ አውራ ጣታቸው ውስጥ ገብቷል። ጭቃው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል እየሳሳ ወደ ላይ ያድጋል። መንኮራኩር የለም። የሚዞረው እጃቸው ነው። አፉ ላይ ሲደርሱ እርጥብ የቆዳ ቁራጭ አጠፉና አንድ ጊዜ ብቻ አዞሩበት። ከንፈሩ ክብ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛ አልነኩትም።

ከቦርሳዬ የተሰነጠቁትን ዶቃዎች አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሸክላ አይደለም፤ ያው እሳት ያየ ነገር ነው ብዬ። ወደ ብርሃኑ ይዘው አገላበጡት።

«ቸኩሎ ነው የወጣው» አሉ። «የኔም ጀበና እንዲህ ይሆናል፣ ጧት ሠርቼ ለማታ ላቃጥል ካልኩ።»

ከዚያ አስነሥተው ቤቱን አሳዩኝ። አዲሱ ሸክላ ጥግ ላይ፣ ከነፋስ ርቆ፣ ጨርቅ ለብሶ ተደርድሯል። ቀን አይቆጥሩም፤ በጉንጫቸው ነው የሚለኩት። ሸክላውን ጉንጫቸው ላይ ያደርጉታል። ከቀዘቀዘ ውስጡ ውኃ አለ፤ ይቆያል። ሲደርቅም ዘለው እሳት ውስጥ አይከቱትም። በቅድሚያ ከጎን በነበልባል ያሞቁታል። ከተቃጠለ በኋላም ነፋስ ካለ አይገልጡትም። ተቃጥሎ የበረደውን አንድ ጀበና አንሥተው በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ አደረጉት። ድምፁ እንደ ደወል ጠራ። ሌላ አነሡና ኳ አደረጉ። ያኛው ጎረነነ። «ይሄ ታሟል» አሉ። እኔ ምንም ስንጥቅ አላየሁበትም። ውኃ ቢሞሉት ግን ያለቅሳል አሉኝ።

ቡና እየጠጣን ስለ ስድቡ አነሡ። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በኛ አገር ምን እየተባሉ እንደኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እማማ ግን ልጃቸው ትምህርት ቤት የእናቷን ሥራ ስትጠየቅ «ነጋዴ» ብላ እንደምትመልስ ነገሩኝ። ሲናገሩት አልተቆጡም። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም። ያንን የጀበና አንገት ሲያወጡ ያየ ሰው እንዴት ሌላ ስም ያወጣላቸዋል?

ስወጣ በፌስታል ጡጫ የሚያህል ጭቃ ሰጡኝ። በጣም የላመ፣ አሸዋ ያልነካው። በውኃ በጥብጬ ብረቱን ልቀባው ነው። ዶቃ ከብረቱ ጋር እንዳይጣበቅ መሐል ላይ የሚፈረፈር ነገር ይፈልጋል። እስከዛሬ በዚህ ምክንያት ስንቱን ዶቃ ስመዝ ሰብሬያለሁ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20፦ አሸዋ ሜዳ

ከአስኮ ወዲያ፣ ወደ ቡራዩ መውጫ። የሰፈሩ ስም ብቻ ይበቃ ነበር እንድሄድ፤ የመስታወት እናቱ አሸዋ ነውና። ንጹሕ የሲሊካ አሸዋ ብቻውን እንዲቀልጥ 1,700 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ሶዳ ሲጨመርበት በጣም ባነሰ ሙቀት እሺ ይላል። ኖራ ሲጨመርበት ደግሞ ውኃ የማያሟሟው፣ ጽኑ ይሆናል። አሸዋ፣ ሶዳ፣ ኖራ፦ ጠርሙሱም፣ የመስኮቱ መስታወትም ከነዚሁ ነው። ሶዳው ራሱ ከኛው ስምጥ ሸለቆ፣ ከአቢጃታ ሐይቅ ሲመረት ኖሯል።

የሄድኩት ግን ቆራሌዎች ጋ ነው። «ቆራሌው!» እያሉ ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩት ልጆች የሰበሰቡትን የሚያራግፉበት አንድ ግቢ አለ። ቆርቆሮው ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ ተቆልሏል። ደህናው የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ እዚህ አይቆይም፤ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ይሞላል። ለኔ የሚተርፈኝ አፉ የተሸረፈው ነው።

የሚለየው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ወፍራም ጓንት አጥልቆ ያለማቋረጥ ይወረውራል። ቡኒ ወዲህ፣ አረንጓዴ ወዲያ፣ ነጭ ከኋላ። አንዳንዱን ሳያየው ነው የሚለየው፤ ሲያርፍ በሚሰጠው ድምፅ።

«እህቴ፣ የመስኮት መስታወት ከጠርሙስ ጋር አትቀላቅይው» አለኝ፣ ሁለቱንም በአንድ ጆንያ ሳስገባ አይቶ።

«ለምን?»

«አይስማሙም። ገዢው ይመልሰዋል። አንድ ላይ ቀልጠው ሲበርዱ ይለያያሉ ይላሉ።»

ቆሜ ቀረሁ። ነገሩን ከዚህ በፊት አንብቤው ነበር፤ ከቁም ነገር አልጣፍኩትም እንጂ። እያንዳንዱ መስታወት ሲሞቅ የሚለጠጥበት፣ ሲበርድ የሚሸበሸብበት የራሱ ልክ አለው። ልካቸው የማይገጥም ሁለት መስታወቶች በአንድ ዶቃ ውስጥ ሲበርዱ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ እምቢ ይላል። ያን ቀን ባይሰነጠቅ በሳምንቱ፣ በሳምንቱ ባይሆን በወሩ ይሰነጠቃል። ሱቅ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። የቬኒስን ቀለም ላምጣ ብዬ የማይስማሙ ነገሮችን በግድ አጋብቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከየቀለሙ አንድ አንድ ዓይነት ብቻ መረጥኩ። ቡኒው የቢራ ነው። ጥልቅ አረንጓዴው የወይን ጠጅ። ጥልቁን አረንጓዴ በብዛት የሚሰጠው ክሮሚየም የሚባል ማዕድን ነው፤ ፈዛዛውን ግን አሸዋው ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ብረት። ነጭ የምንለውን መስታወት እንኳ በጠርዙ በኩል ብታዩት አረንጓዴ ጥላ አለው። ቡኒውም የብረት ልጅ ነው፤ ከድኝ ጋር ሲሆን ነው እንዲያ የሚጠቁረው።

ስባሪውን እቤት ወስጄ ውኃ ውስጥ እያለ ነው የፈጨሁት። ደረቁን የሚወቅጥ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ተዉ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። አፍና አፍንጫ መሸፈን፣ ዓይን መከለል ግድ ነው።

ረቡዕ፣ መስከረም 21፦ ባልጪት

ዛሬ ራቅ አልኩ። ከአየር ጤና በቡታጅራ መኪና፣ በዓለም ገና በኩል ወደ ደቡብ። ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ነፋሱ ሲያልፍበት እንደ ውኃ ይሄዳል።

ባልጪት፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። ባልጩት ያልነውን ጥቁር ድንጋይ ምድሩ ላይ እንደ ጥቁር ጠርሙስ ስባሪ ተበትኖ ታገኙታላችሁ። ለነገሩ ጠርሙስ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ ድንገት የበረደ የተፈጥሮ ብርጭቆ። ሰው መስታወት መሥራት ከመማሩ በፊት መስታወት እዚህ ነበር።

በዚሁ አካባቢ፣ በመልካ ቁንጥሬ፣ የዛሬ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቀደምቶቻችን ባልጩት እየፈለጡ የእጅ መጥረቢያ በብዛት የሠሩበት ቦታ ተገኝቷል። መልካ ቁንጥሬና ባልጪት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ስለዚህ አንድ ስባሪ እንኳ አላነሣሁም። እንዲያ ተጎንብሼ ስመለከት አንድ እረኛ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ይቆርጣል» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ አልነካውም።»

እሱ ግን የቆመበት አጠገብ ያለውን አንዱን በጥንቃቄ አንሥቶ ወደ ፀሐይ ያዘው። «እዪ» አለኝ። መሐሉ ድቅድቅ ጥቁር ነው። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ግን ሳስቶ የጭስ ቀለም ሆነ። ጫፉ ላይ ደግሞ ጭሱም ጠፍቶ ብርሃን ብቻ ቀረ። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ቀለሙ ሦስት። ያደረገው ውፍረቱና ቅጥነቱ ብቻ ነው።

ልጁ አሳይቶኝ ቦታው መለሰው። እኔ አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ተቀምጬ ደብተሬ ላይ ሣልኩ። እስከዛሬ ዶቃዎቼ ሁሉ ክብ ነበሩ። ክብ ዶቃ ከየትም ቢያዩት ውፍረቱ አንድ ነው፤ ለዚህ ነው ለማሳመር ሌላ ቀለም የምፈልገው። እንደ ምስር ጠፍጣፋ ቢሆንስ? መሐሉ ወፍሮ፣ ጠርዙ ሳስቶ። የቢራ ጠርሙሱ መሐል ላይ ቡና ይሆናል፣ ጠርዙ ላይ ጠጅ። አንድ ጠርሙስ ብቻውን ይበቃል። ምንም መደባለቅ አያስፈልግም።

ስልኬን ሙሉ ቀን አላወጣሁም። ስመለስ ጭለማ ነበር። ሽሮ በልቼ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ መስከረም 22፦ አቃቂ

ሥራውን ለአንድ ዓመት ሳይ የኖርኩት አንድ አንጥረኛ አቃቂ አለ። ጋሼ እለዋለሁ። ብርና ወርቅ ይሠራል። እሳቱን ላስፈቅድ ነው የሄድኩት፤ የኔ ቡታ ጋዝ አልበቃ ስላለኝ።

ከመድረሴ በፊት ግን መንገድ ዳር ቆምኩ። ይህ የቢሾፍቱ መንገድ ነው። ቅዳሜና እሁድ እሬቻ ነው፤ ከየቦታው ጨሌ የሚሸጡ እናቶች ወጥተዋል። ቀዩ፣ ነጩ፣ ጥቁሩ በየክሩ ተደርድሮ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። ከሁሉም የሚያምረው አንዲት ባልቴት ራሳቸው አንገታቸው ላይ ያደረጉት ነበር። ጥቁርና ቀይ፣ ብዙ እጥፍ። ሰው ሁሉ አኮ ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኔም አኮ አልኳቸው።

«የእናቴ ነው» አሉኝ። አስጠግተው እንዳየው ፈቀዱልኝ። ክሩ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ ዶቃው ግን ያው ነው። ጠርዙ ሁሉ ከቆዳ ጋር በመኗኗር ለስልሷል። ለመዋብ ብቻ አይደለም የሚደረገው፤ ለእሬቻ፣ ለሠርግ፣ ለልጅ መወለድ ነው። የኔን ጌጥ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ክሩን በጣታቸው ሳቡት። ዶቃዎቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ቀጭ አሉ።

«ይጣላሉ» አሉኝ። «በየመሐላቸው ቋጠሮ አድርጊ።»

የብርጭቆ ዶቃ ወደኛ አገር መምጣት የጀመረው ትናንት አይደለም። በአንደኛው ምዕተ ዓመት አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገባውን ሸቀጥ ሲዘረዝር የብርጭቆ ዕቃን ጠቅሷል። በኋላም ከቬኒስ፣ ከቦሔሚያ ሲመጣ ኖሯል። የኛ እናቶች ግን ለሸቀጡ የራሳቸውን ትርጉም ሰጡት። የትኛው ቀለም ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ ማን መቼ እንደሚያደርገው የወሰኑት እነሱ ናቸው። አኮን ሳይ ይህ ነው ያስደነቀኝ።

ጋሼ ጋ ስደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። ሐሳቤን ሰማ፣ የሣልኩትን አየ። «ብርጭቆውስ?» አለኝ። ጆንያዬን አሳየሁት። ተነሥቶ ወጣና ከጎረቤት ጠጅ ቤት አንድ ካርቶን ይዞ ተመለሰ። ውስጡ የተሰነጠቁ ብርሌዎች ናቸው።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» አልኩ፣ ሳላስበው።

«ዕቃማ አይሆንም» አለ ጋሼ። «ዕቃ ነው እንዴ የምትሠሪው?»

እሳቱ የሸክላ ምድጃ ነው፣ በከሰል። ወናፉ በእግር ነበር ድሮ፤ አሁን አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ አስገብቶበታል፣ ነፋሱ ብቻ እንዲመጣ። ናይጄሪያ ውስጥ ቢዳ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ልክ እንደዚህ፣ በከሰልና በወናፍ የጠርሙስ ስባሪ አቅልጠው በብረት ላይ ዶቃ ይጠቀልላሉ። ይህን ስነግረው ጋሼ ፊቱ በራ። «ታዲያ እኛስ?» አለ።

የእማማን ጭቃ በጥብጬ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ቀባሁ። አሥር ሽቦ። ጥላ ላይ አደረቅኋቸው፤ በጉንጬ እየለካሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን የብርሌ አንገት በጉጠት ይዤ ወደ ፍሙ አስጠጋሁት። ቀስ ብዬ፣ ከዳር። ድንገት ከገባ ይፈነዳል። መጀመሪያ ምንም አይመስልም። ቀጥሎ ሹል ጠርዙ ይከብባል። ከዚያ ብርቱካን ይሆንና ይንጠባጠባል፣ ልክ ቆርጠሽ እንደምታነሺው ማር። ሽቦውን ከሥሩ አስገብቼ ማዞር ጀመርኩ። ማቆም አይቻልም። ለአፍታ ካቆምሽ ወደ አንድ ጎን ይወርዳል። የእማማ እጅ ትዝ አለኝ። ትከሻዬን ፈትቼ ጣቶቼን ብቻ ማዞር ጀመርኩ። ተስተካከለ።

ገና ቀይ ሳለ በጋሼ ሰፊ ጉጠት አንድ ጊዜ ጫን አደረግኩት። አንድ ጊዜ ብቻ። ጠፈጠፈ፤ መሐሉ ወፍሮ ቀረ፣ ጠርዙ ሳሳ።

የማቀዝቀዙ ነገር ላይ ከጋሼ ጋር ተከራከርን። እኔ እቤት ዶቃውን ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር የምከተው። እሱ ብርን ወዲያው ውኃ ውስጥ ይነክራል። ብርጭቆ ግን ብር አይደለም አልኩት። ውጩ ቀድሞ በርዶ ይደርቃል፣ ውስጡ ገና ትኩስ ነው፤ በኋላ ውስጡ ልሸብሸብ ሲል ውጩ አይለቀውም። ያ መሳሳብ እዚያው ታምቆ ይቀራል። የጠርሙስ መስታወት 550 ዲግሪ አካባቢ ላይ ቆይቶ ነው ቀስ ብሎ መውረድ ያለበት።

ጋሼ ትንሽ አሰበ። ከምድጃው ጎን አሮጌ የሸክላ ድስት ነበር። ግማሹን በወንፊት የተነፋ አመድ ሞላው። ድስቱን ፍሙ ጥግ ላይ አስቀምጦ አመዱ ራሱ እስኪግል ጠበቀ። «እሳት አመድ ወለደ ብለው ይሰድቡታል» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ እሳት የሚያቆየው ረመጡ እኮ ነው። እናቴ ጧት እሳት የምታነሣው ከዚያው ነበር።»

እያንዳንዱን ዶቃ ከነሽቦው በጋለው አመድ ውስጥ ቀበርን። የብርሌው፣ የቢራው፣ የወይን ጠጁ፤ ለየብቻ፣ ሳይደባለቁ። ሽቦ ሲያልቅብን አዲስ ቀባን። ሲመሽ 23 ሆኑ። ጋሼ ድስቱን ከደነ፣ ዙሪያውን በረመጥ ከበበው፣ ከላይም አመድ ደፋበት። ትንሽም ሳይገልጥ እስከ ጧት እንዲተወው አስማልኩት።

አቃቂ እህቴ ቤት አደርኩ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ዓርብ፣ መስከረም 23፦ አቃቂ

ከጋሼ በፊት ደረስኩ። በሩ ላይ ጠበቅኩት። ድስቱን ስነካው ገና ለብ ይላል። እማማ ያሉትን አስታውሼ አልገለጥኩም። ሻይ አዘዝን። ሁለተኛ አዘዝን። ረፋዱ ላይ ድስቱ ቀዘቀዘ።

እጄን አመዱ ውስጥ ሰደድኩ። የመጀመሪያው ሽቦ ወጣ። ዶቃውን ያዝኩና ጠመዘዝኩ። የእማማ ጭቃ ፍርክስ አለ፤ ዶቃው ያለ ምንም ግብግብ ወጣ። ሸሚዜ ላይ ጠረግኩትና ወደ በሩ ብርሃን ያዝኩት። ብርሌ ነበር። መሐሉ እንደ ጥልቅ ውኃ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ምንም፣ ንጹሕ ብርሃን። ጋሼ ከእጄ ወሰደውና ዝም ብሎ አየው። ቆየ።

ሁሉንም አወጣን። አምስቱ ተሰንጥቀዋል። ሦስቱ ጫፋቸው ላይ በጣም ሳስተው ነው፤ ጉጠቱን አብዝቼ ነበር። ሁለቱ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የቀሩትን 18 አንድ በአንድ በጥፍሬ ኳ አደረግኳቸው። ጠሩ። አንዱ የቢራ ዶቃ ብቻ ጎረነነብኝ፤ ስንጥቅ ባይታይበትም ለብቻ አስቀመጥኩት።

ወደ ቤት ስመለስ አኮ እዚያው መንገድ ዳር ነበሩ። የብርሌውን ዶቃ ሰጠኋቸው። ከጠጅ ቤት ስባሪ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከተሰነጠቀ እንዳያዝኑብኝ ብዬ ገና አዲስ መሆኑንም ነገርኳቸው። ወደ ፀሐይ ያዙት፤ እንደ እረኛው ልጅ። ከዚያ አንገታቸው ላይ ካለው የእናታቸው ጨሌ አንዱን ክር ፈቱ። ቀዩና ጥቁሩ መሐል አስገቡት፣ ግራና ቀኙን ቋጠሩ።

«ገለቶሚ» አሉኝ። «ከተሰነጠቀ ትመጪያለሽ። እኔ የትም አልሄድም።»

የቀሩትን ማታ በየመሐሉ ቋጠሮ እያደረግኩ ሰካኋቸው። መስኮቴ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ማንም አይወስዳቸውም። ጧት ጧት አንድ በአንድ ኳ እያደረግኩ አዳምጣቸዋለሁ።